ይድረስ ለአኩሪ አተር ቆሎ

ይድረስ በርበሬ ለታሸው አኩሪ አተር ቆሎ፣ ባለህበት፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የደብዳቤ ወግ ይህን ያስብላል፤ ካልኩ በኋላ ግን የጤናውን ነገር ለጊዜው ልተወው። ስለ ጤና ያመሰገኑህ ብዙ ናቸው። በከረጢትህ ላይ የፈረጠመ ክንድ የሳሉልህ አሉ፤ ከስምህ በላይ «ፕሮቲን» የሚለውን አግዝፈው ያተሙልህም አሉ። እኔ አስቀድሜ የማመሰግንህ ስለምትጥም ነው። ፕሮቲኑ ሳንጠራውም አብሮ ይመጣል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደዚህ አገር የገባኸው ልትጥም ሳይሆን ልትጠቅም ነበር። በምርምር ማሳ ላይ ተዘራህ፣ ተፈጭተህ ለተጎዱ ሕፃናት ገንፎ ሆንክ፣ በርዳታ ጆንያ ታጨቅህ፣ ዘይትህ ተጨምቆ ፋጉሎህ ለዶሮ ተሰጠ። ሁሉም ጠቃሚነትህን መሰከረ። «እስቲ ትንሽ ጨምሪልኝ» ብሎ እጁን የዘረጋልህ ግን አልነበረም። እጅ የተዘረጋልህ ምጣድ ላይ ከወጣህና በርበሬ ከነካህ ወዲህ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም ስለዚያች እጅ ነው።

ቆሎ መሆን በኛ ዘንድ ትንሽ ሹመት አይደለም። ቡና ሲፈላ ለቡና ቁርስ የሚቀርበው ቆሎ ነው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ከበሶና ከዳቦ ቆሎ ጋር የሚሰንቀው እሱን ነው። ዳዊት ለመድገም፣ ቅኔ ለመቁጠር አገር ያቋረጠ ልጅ የቆሎ ተማሪ ተብሏል፤ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ባልንጀራም የቆሎ ጓደኛ ነው። በዚህ ማዕድ ላይ ገብስ የቤቱ አባወራ ነው፤ ሽምብራ ታናሽ ወንድሙ፣ ሱፍና ለውዝ ደግሞ የአክስት ልጆች ናቸው። አንተ ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ የመጣህ እንግዳ ነህ። ሆኖም ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ድብልቅ ቆሎ የሚሸጥበት ቤት የገባ ሰው ከገብሱ መሃል ድቡልቡል፣ ቢጫ፣ ቆዳህ ሰንጠቅ ያለውን አንተን አይስትህም። እንዲያውም ሌላውን እየተወ አንተን ብቻ እየለቀመ የሚበላ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ሥርዓት የለውም፣ ግን ይገባኛል።

ከኛ በፊትም በምጣድ ላይ የኖርክ መሆንህን አውቃለሁ። የቻይና ገበሬዎች ከዱር ዘመድህ ለይተው ያላመዱህ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በምሥራቅ እስያ ቶፉ፣ ሚሶና ሶስ ሆነህ መከበርህ በየመጽሐፉ ስለተጻፈ አልደግመውም። የተቆላኸውን ግን ላንሳ። ጃፓኖች በፈረንጆች የካቲት መጀመሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛው ቀን፣ ሴትሱቡን የሚሉት በዓል አላቸው። የክረምቱን ማለቅ ምክንያት አድርገው ክፉ መንፈስ እንዲወጣ፣ በረከት እንዲገባ እየጮኹ በቤታቸው ውስጥና በደጃቸው የሚበትኑት አንተን ነው። ጥሬህን መበተን አይፈቀድም፤ መቆላት አለብህ። ተበትኖ የቀረ ጥሬ ፍሬ ቢበቅል ገደቢስ ነው ይባላል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ቆጥሮ ይበላል። የሰማንያ ዓመት አያት ሰማንያ ፍሬ ይጠበቅባቸዋል ማለት ነው፤ ጥርሱን ይስጣቸው። በቀሪው ጊዜ ደግሞ ቆልተው ይፈጩህና ኪናኮ የሚባል ዱቄት ያደርጉሃል። በሶ የሚያውቅ ሰው ያንን ዱቄት ቢያሸት ባዳ አይሆንበትም።

በቅመሙ በኩል የልብ ዘመዶቻችን ኔፓሎች ናቸው። ባትማስ ሳዴኮ የሚሉት ምግባቸው አንተው ነህ፦ ከተቆላህ በኋላ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመርብሃል፤ ሎሚ ይጨመቅብሃል፤ የሰናፍጭ ዘይት ይፈስብሃል። በካትማንዱ ሸለቆ የሚኖሩት ኔዋሮች ደግሞ ሳማይ ባጂ በሚሉት የድግስ ሳህን ላይ ከተዳጠ ሩዝ፣ ከሥጋና ከዝንጅብል ጎን ያስቀምጡሃል። ልዩነታችን አንድ ነው። እነሱ በርጥቡ አሽተው ወዲያው ይበሉሃል፤ እኛ ግን በርበሬውን ካስነከስን በኋላ እንደገና እሳት ላይ አድርገን እናደርቅሃለን። የኛው ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሳምንትም ይቆያል፣ ሻንጣ ውስጥም ተጠቅልሎ ዋሽንግተንና ዱባይ ይደርሳል። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው በርበሬና ሽሮ ሲቋጥር ጥግ ጥጉን በቆሎ ከረጢት መሙላቱ የታወቀ ነው፤ አንተም ከገብሱ ጋር ተደባልቀህ በዚያው ትሄዳለህ።

ወደ አገራችን አመጣጥህ ልመለስ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ለሙከራ ገባህ። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎችህ ክላርክ 63ኬ፣ ዊልያምስ፣ ኮከር 240 የሚል የአሜሪካ ስማቸውን እንደያዙ ነበር የሚዘሩት። በጅማ፣ በባኮ፣ በሐዋሳና በፓዌ የምርምር ማዕከላት ከአየሩና ከአፈሩ ጋር እንድትላመድ ከተደረገ በኋላ አዋሳ 95፣ በለሳ 95 የሚል አገርኛ ስም ያላቸው ዝርያዎች መጡ። ፓዌን ለይቼ ላንሳ። በመተከል የሚገኘው ይህ ሜዳ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ከወሎ፣ ከከምባታና ሐዲያ፣ ከጎጃምና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት ቦታ ነው። ረሃብ ከአገሩ ያፈናቀለው ገበሬ ዛሬ በፕሮቲን ከአብዛኞቹ ጥራጥሬዎች የምትልቀውን አንተን ያመርታል። አካባቢው ሰላም ባጣባቸው ዓመታትም ማሳውን ጥሎ መሸሽ የደረሰበት እሱው ነው። ስለዚህ ምስጋናዬ በአንተ በኩል አልፎ ለፓዌ፣ ለአሶሳ፣ ለጃዊ፣ ለወለጋና ለጅማ ገበሬ ይድረስ።

የገንፎው ዘመንህም አይረሳም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ኢትዮጵያ ከስዊድን ጋር ተባብራ ባቋቋመችው የሕፃናት ምግብ ጥናት ተቋም ፋፋ ተቀመመ። በዚያ ዱቄት ውስጥ ከስንዴና ከሽምብራ ጋር አንተም ገብተሃል። ፋሚክስ በተባለው የርዳታ ዱቄት ደግሞ ከእህል ጋር ተደባልቀህ በየመጠለያውና በየጤና ጣቢያው ተመዘንክ። በዚያ ገንፎ ነፍሳቸው የተረፈ ሕፃናት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ያንን ምስጋና ማቅረብ የነሱ ነው፤ እኔ ልናገርላቸው አልችልም። እኔ የታዘብኩት ሌላ ነገር ነው። በሰልፍ የሚሰጥ ምግብ ስም ይወጣለታል፤ ጎረቤት ሲያየው ይታፈራል። ያንኑ ፍሬ በርበሬ አሽተህ በሳህን ስታቀርበው ግን ጎረቤቱ ራሱ ተጠርቶ ይመጣል። ፕሮቲኑ ያው ነው፤ የተለወጠው የሰው ፊት ነው።

ስለ ሥርህም ላመስግንህ፤ ይህን ያሳየኝ ገበሬ ነው። ጠቢብ ገበሬ የአኩሪ አተር ማሳው ሲያብብ አንድ ተክል ይነቅልና አፈሩን ያራግፋል። በሥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ትንንሽ እባጮች አንዷን ይመርጥና በጥፍሩ ይሰነጥቃታል። ውስጧ ቀይ ከሆነ ደስ ይለዋል፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ፊቱን ያጠቁራል። ቀዩ ቀለም ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። እባጯ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደ ለአንተ ማዳበሪያ ሲያዘጋጅ የሚታይ ምልክት ነው። ይህ ባክቴሪያ በኛ አፈር ውስጥ እንደ ልብ ስለማይገኝ ዘርህ ከመዘራቱ በፊት በስኳር ውሃ ረጠብ ተደርጎ በጥላ ሥር ከባክቴሪያው ዱቄት ጋር ይታሻል። መታሸት የዕድሜ ልክ ዕጣህ ሳይሆን አይቀርም፦ ለመዝራት በባክቴሪያ፣ ለመብላት በበርበሬ። የዩሪያ ዋጋ በናረበት ዘመን ማዳበሪያውን በከፊል ከአየር ለሚያወጣ ሰብል ምስጋና ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም።

አሁን ወደ ምጣዱ። እውነቱን ለመናገር አስቸጋሪ ነህ። ገብስ ታጥቦ፣ ተሸክሽኮ፣ ምጣድ ላይ ከተጣለ ብዙ ሳይቆይ ይደርሳል። አንተ ግን ማደር ትፈልጋለህ። ማታ ብዙ ውሃ ውስጥ ስትጨመር መጀመሪያ ቆዳህ ይጨማደዳል፤ ያረጀህ ትመስላለህ። ሌሊቱን ውሃውን ስትጠጣ ጠዋት ያ ድቡልቡል ፍሬ ሞላላ ሆኖ፣ መጠኑ እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ውሃው ይደፋል፤ መደፋት አለበት፤ ሆድ የሚነፉት ስኳሮች በከፊል ከሱ ጋር ይሄዳሉ። ቀጥሎ በንጹሕ ውሃ ለአሥር ደቂቃ ያህል ትፈላለህ። ከዚያ ተጠልለህ ሰፌድ ላይ ትሰጣለህ፤ ላይህ ደረቅ እስኪል ድረስ ንፋስ ይመታሃል። ርጥብ እንደሆንክ ምጣድ ላይ ቢጥሉህ በእንፋሎት ንፍሮ ትሆናለህ፤ ንፍሮነት ነውር ባይሆንም የታሰበው እሱ አይደለም።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ ምንም ድምፅ የለም። ቆይቶ ሽታው ይመጣል፤ የጥሬ ባቄላ፣ የቅጠል ሽታ ነው፤ ብዙ ሰው «ይሄ አልተሳካም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ሲቆይ ያ ሽታ ይጠፋና የለውዝ፣ ከዚያም ከቡና ቆላ ጋር የሚቀራረብ ሽታ ይተካዋል። ልጣጭህ ጣ ጣ እያለ ይሰነጠቃል። አንዱን ፍሬ አውጥቶ፣ አቀዝቅዞ መንከስ ነው። ጥርስ ላይ ተሰባብሮ ዱቄት ከሆነ ደርሷል፤ መሃሉ ለስላሳ ከሆነ ገና ነው። በትኩሱ መፍረድ አያዋጣም፤ ትኩሱ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው፣ ሲበርድ ነው እውነቱን የሚያወጣው።

በርበሬው የሚገባው አሁን ነው። በርበሬና ጨው በጥቂት ለብ ያለ ውሃና በዘይት ጠብታ ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጣል። ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት ያለው በርበሬ ከሆነ ሌላ ቅመም አልጨምርም። እሳቱ ዝቅ ይላል፤ ብጥብጡ ትንሽ በትንሽ ይረጫል፤ እጅ ሳያርፍ ይታመሳል። ቆሎው ቀይ ይለብስና መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ እየደረቀ አንዱ ከአንዱ ይላቀቃል፤ ምጣዱ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። አውርዱት። አንዲት ደቂቃ ከዘገየ በርበሬው ያርራል፤ ያኔ ቤተሰቡ በሙሉ እየሳለ ደጅ ይወጣል፤ ጎረቤትም ማን ምን እንደቆላ ያውቃል። ሚጥሚጣ የሚወድ ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይነስንስበት። እኔ የሚጥሚጣ ወገን አይደለሁም፤ ጣት ላይ ይቀርና ዓይን ይፈልጋል። በርበሬ ግን ከአንተ ዘይት ጋር ተዋህዶ መጨረሻ ላይ ጣፋጭ የሚመስል ነገር ይተዋል፤ ሁለተኛውን እፍኝ የሚያስዘግነው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምላስ ብቻ ቢሆን እንኳ አልቆጭም ነበር። ነገር ግን ጥሬህ ራሱ እሳት የሚጠይቅ ነው። በፈረንጆቹ 1917 ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ለአይጦች ጥሬ አኩሪ አተር ሲሰጡ አይጦቹ በወጉ አላደጉም፤ የበሰለውን ሲሰጧቸው አደጉ። ከዚያ በ1945 ሞዝስ ኩኒትዝ ምስጢሩን ከፍሬው አውጥቶ በክሪስታል መልክ አሳየ፦ ጥሬህ ውስጥ ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም የሚያስር ነገር አለ። ያንን ነገር ሙቀት፣ በተለይም ርጥብ ሙቀት፣ ይሰብረዋል። የማደሩና የመፍላቱ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ማጥቆርም ጉዳት አለው፤ ላይሲን የሚባለው ውድ አሚኖ አሲድህ በእሳት ይቀንሳል። ወርቃማ ቡናማ ላይ ማቆም ለጣዕምም ለሰውነትም ይበጃል።

ላይሲንን ካነሳሁ ለጊዜው ትቼው የነበረውን የፕሮቲኑን ነገር ልመለስበት። 100 ግራም የተቆላ አኩሪ አተር ወደ 40 ግራም ፕሮቲን አለው። ሽምብራ 20 ገደማ፣ ለውዝ 25 ገደማ፣ ገብስ 12 ገደማ ነው። በአንድ እፍኝ፣ ማለትም በ30 ግራም ቆሎ፣ ወደ 12 ግራም ፕሮቲን ይገኛል፤ የሁለት እንቁላል ያህል መሆኑ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው 9ኙም አሚኖ አሲዶች አሉህ። ስንዴ፣ በቆሎና ገብስ በላይሲን ደካሞች ናቸው፤ አንተ ባለጸጋ ነህ። አንተ በሜቲዮኒን ስታንስ እነሱ ይሞሉልሃል። ገብስና አኩሪ አተር የተቀላቀለበት ቆሎ የሚሸጥ ሰው ይህን ሳያሰላ ትክክለኛውን ድብልቅ ሠርቷል። ስብህም ከሽምብራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ አብዛኛው ደግ ስብ ቢሆንም እፍኟ ወደ 135 ኪሎ ካሎሪ ትይዛለች። ኪሎ ገዝቶ ፊልም እያየ የሚጨርስ ሰው አንተን ሊወቅስ አይገባም።

ይህ የፕሮቲን ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው በጾም ነው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይነካ ቤት ውስጥ 12 ግራም ፕሮቲን በቡና ቁርስ ሰበብ ሲገባ ትልቅ ነገር ነው። የጾም ማኪያቶ በሚል ወተትህ በየካፌው ሲቀዳ አያለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ቀጭን ነው፣ ስኳርም ይበዛበታል። ቆሎህ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ፦ ብረት አለህ እየተባለ የሚወራው እውነት ቢሆንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገርህ ብዙውን ይይዘዋል፤ ጎን ለጎን የሚጠጣው ቡናም ይሻማዋል። ደም ማነስ ያለባት እህቴ በቡና ሰዓት ቆሎ በልታ ታክሜያለሁ እንዳትል። ከቡና ራቅ አድርጋ፣ ከብርቱካን ጋር ትብላው፤ ሐኪም የሰጣትን ክኒንም አትተው።

የሚነዛብህን ወሬም ሰምቻለሁ። «ወንድን ያዳክማል» ይላሉ። ፍሬህ ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባሉ፣ ከሴት ሆርሞን ጋር በቅርጽ የሚመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች መኖራቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በፈረንጆቹ 2010 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ በወንዶች የቴስቶስትሮን መጠን ላይ ለውጥ አላገኘም። ከመጠን በላይ የሚያሞግሱህም አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በፈረንጆቹ 1999 በቀን 25 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን የልብ ሕመምን ሊቀንስ ይችላል ብሎ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ በ2017 ደግሞ ማስረጃው አልጠነከረም ብሎ ፈቃዱን ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ። መድኃኒት አይደለህም፤ ቆሎ ነህ። የታይሮይድ ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑንና አንተን በሰዓታት ማራራቅ አለበት። አለርጂ ያለበት ጨርሶ አይንካህ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅም ፍሬህ ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ስለሚችል ቆልቶ ፈጭቶ ገንፎ ውስጥ መጨመር ነው።

አሁን ስለምገዛህ ቦታ ትንሽ ላውራህ። የሰፈራችን ቆሎ ሻጭ ከታክሲ መቆሚያው አጠገብ፣ በጃንጥላ ሥር ይቀመጣሉ። መስፈሪያቸው ትንሽ ብርጭቆ ናት።

«እትዬ፣ የአኩሪ አተሩ በርበሬ ያለው አለ?»

«አለ የኔ ልጅ፤ ዛሬ ጠዋት የቆላሁት ነው። ያቃጥላል ግን፤ ለልጅ ነው እንዴ?»

«ለኔ ነው።»

«እንግዲያማ ቅመሺ!»

ሦስት አራት ፍሬ መዳፌ ላይ ያኖራሉ፤ ሳኝክ ፊቴን አይተው ይስቃሉ። ከዚያ ብርጭቆዋን ሞልተው በወረቀት ይጠቀልላሉ፤ «ይመርቁልኝ» ስላቸው በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ይጨምራሉ። ስለ አሠራርህ ስጠይቃቸው ያሉኝን አልረሳውም፦ «ሳይዘፈዘፍ የተቆላ አኩሪ አተር የሚጠቅመው ለጥርስ ሐኪም ነው!» የትኛውም የምግብ ሳይንስ መምህር ከዚህ አሳጥሮ አልነገረኝም። አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ ግን ያንኑ ቆሎ በሚያብረቀርቅ ከረጢት፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ ገዝቼ በርበሬው ቀለም ብቻ፣ ዘይቱም የሻገተ ሽታ ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዘይትህ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ የተቆላበትን ቀን የማይጽፍ ነጋዴ ዕዳው በአንተ ስም ይቆጠርብሃል።

ሌላም ቅር የሚለኝ ነገር አለ፤ ጥፋቱ ግን የአንተ አይደለም። በዓለም ላይ ከሚመረተው አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ የእንስሳት መኖ ነው። ቶፉና ወተት ሆኖ በቀጥታ ሰው አፍ የሚገባው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። በኛም አገር ቢሆን በምርት ገበያ ተገበያይተህ ወደ ውጭ ትጫናለህ፤ የቀረኸው በአብዛኛው ወደ ዘይትና መኖ ፋብሪካ ትገባለህ። የውጭ ምንዛሪ እንደሚያስፈልገን አውቃለሁ፤ ዶሮም መብላት አለባት። ነገር ግን የሚያበቅልህ ወረዳ ልጅ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ በኪሱ አንድ እፍኝ ብትሆንለት ፋብሪካው ይጎድልበት ይሆን? አይመስለኝም። ለዚህ ትልቅ ፕሮጀክትም አያስፈልግም፤ ምጣድ፣ አንድ ሌሊት የሚያድር ውሃና የእናት እጅ ይበቃል። እናት ደግሞ የምታደርገው ልጁ የሚወደውን ነው። «ጠቃሚ ነው» ተብሎ የተሰበከለትን ምግብ ስንት ልጅ በአጥር እንደወረወረ ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸው ነው። ገንፎ ሆነህ ስላዳንካቸው፣ አፈሩን ስላለመለምክ፣ በጾም ወራት ጉልበት ስለሆንከን አመሰግንሃለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ለመወደድ እሺ ስላልክ፣ የኛን በርበሬ ያለ ቅሬታ ስለለበስክ አመሰግንሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ በመንገድ ላይ ከፍታችሁ ላነበባችሁ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስብሰባና ሥልጠና የምታዘጋጁ፣ በሚቀጥለው የሻይ ሰዓት ከብስኩቱ ጎን አንድ ሳህን የአኩሪ አተር ቆሎ አስቀምጡ። ከሰፈር ቆሎ ሻጭ ግዙት፤ የተቆላበትን ቀንም ጠይቁ። በርበሬ ያለውንና የሌለውን ለየብቻ አድርጉ፤ አለርጂ ያለበት ሰው እንዲያውቀውም «አኩሪ አተር» ብላችሁ ጽፋችሁ ከሳህኑ ፊት አቁሙ።

አክባሪህ፣
ከአዲስ አበባ